የኋላ ወንበር

እቁቡ ሲደርሰኝ፣ በስድስተኛው ወር፣
እናቴ ያለችኝ ፍሪጅ ግዢ ነበር።
እኔ ግን ተክልዬ፣ ከቆርቆሮው አጥር፣
ሦስት ክረምት ሙሉ ሸራ ያለበሷት፣
ድመት ሞተሯ ላይ የወለደችባት፣
በዕድሜ የምትበልጠኝ ቡኒ ዲኤክስ ገዛኋት።
ሻጩ አልዋሸኝም። «ትነሳለች» አለኝ፤
ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ከገፏት» አከለልኝ።

ገፋናት፤ እኔና ሁለት ሊስትሮዎች፣
አንድ ሎተሪ አዟሪ፣ የማላውቃቸው ሰዎች፣
ሶማሌ ተራ ድረስ፣ እስከ ሸምሱ በር።
«ምን ልትሠሪባት ነው?»
«ልወዳደርባት።»
ፊቱ ዘይት ነበር፤ ይሳቅ አይሳቅ አልለየሁም።
«ስንት ብር አለሽ?» አለ። ስነግረው ዝም አለ።
አውቀዋለሁ ያን ዝምታ። ፋርማሲ ነው ውሎዬ፣
ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ዋጋ የሰማ ሰው
ማዘዣውን አጥፎ ወደ ኪሱ ሲመልሰው
ዝም የሚለው ነው።

«የፈረስ ጉልበት» አለኝ፣ «በብር ነው የሚገዛ።
ኪሎ ግን ይጣላል። በነጻ።»

ጣልን።
ምንጣፏ ሲነሳ ከስሩ ተገኘ
የሕፃን ጫማ አንድ እግር፣ የደረቀ ሎሚ።
ኮርኒሷ ወጣ፤ ቴፗ ወጣ፣ ካሴቱን እንደነከሰ።
አሞርዛተር መጣ ከተገለበጠ ሚኒባስ፣
ጎማ ከጎሚስታው ነስሩ፣ በዱቤ፣ ደመወዝ እስኪደርስ።
ሞላዋ በሁለት ቀለበት አጠረ፤
ቴስታታዋ ተላጨ፣ ሐዘን እንደገባበት ራስ።
ሂሳቡን ጻፍኩት ከማዘዣ ጀርባ፦
ካንዴላ አራት፣ የፍሬን ሸራ፣ የሸምሱ ምሳ፣
«ልዩ ልዩ» የሚል፣ ማንም የማይጠይቀኝ፣ ትልቁ ወጪ እሱ።

መጨረሻ የኋላ ወንበሩ ተፈታ፤
በሽንኩርት ነጋዴው ሚዛን አሥራ ስምንት ኪሎ መታ።
ሸምሱ ደጃፉ ላይ ዘረጋው፤ ሶፋ ሆነ።
ደላላ ተዋዋለበት፣ ሹፌር ተኛበት፣
ሽማግሌ ተቀምጦ ባልና ሚስት አስታረቀበት።

እናቴ መጣች፣ በመስኮት አየች።
«እኔስ የት ልቀመጥ?»
ቅዳሜ፣ ከእህል በረንዳ ግማሽ ኩንታል ጤፍ
ባዶው ወለል ላይ ልክክ ሲልላት፣
ጆንያውን ደገፍ አለችና
ስለ ፍሪጁ ያን ቀን አላነሳችም።

ቦሎ ግን ቀረ።
መርማሪው ሊብሬዬን ገለጠ፣ አንገቱን አሰገገ፦
«እዚህ አምስት ሰው ይላል። አንቺ አንድ። አራቱስ?»
በሩጫ ተመለስኩ። ሶፋው ላይ አንድ ጎልማሳ ያንኮራፋል፤
ሸምሱ ትከሻውን ነካ፦ «ተነስ ወንድሜ፣
ወንበሩ ቀጠሮ አለበት።»
በአራት ብሎን አሰርነው።
መርማሪው በመዳፉ መታው፤ አቧራ ተነሳ፣
ሁለቴ አስነጠሰው፣
ለጠፈልኝ።

እሁድ ማለዳ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ዘጠኝ ነበርን።
ደንቡ ያው ነው፦ በሊብሬዋ ልክ፣ ወንበሯም ጭምር።
ሰባተኛ ወጣሁ።
ስምንተኛው ጎማው ፈንድቶ፣ ዘጠነኛው ከነጭራሹ ሳይነሳ።
ግን አንድ ኩርባ ላይ፣ በሁለተኛው ዙር፣
የፊቴ አዲሱ መኪና ፍሬን ሲይዝ እኔ ሳልይዝ፣
ኋላዋ ቀለለ፣ እንደ ነጠላ ጫፍ ዞረ፣
ፋርማሲው፣ ዱቤው፣ የወር መጨረሻው
በቀኝ መስኮት አለፈ።
ይህን ለማንም አልተረኩም።

ስመለስ ቸርችል ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ።
ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው አንድ አዛውንት ተሻገሩ፣
በዝግታ፣ መሐል ላይ ቆመው ቦሎዬን እያነበቡ።
ባለ ሚኒባሱ ከጎኔ፦ «እህት፣ ማርሚታሽ ተቀዷል!»
ስልኬ ጮኸ። ሸምሱ ነው።
ስንተኛ ወጣሽ አላለኝም።
«ወንበሩን ቶሎ አምጪው» አለኝ፣ «ደንበኛ ቆሟል።»